ዲኤክስን ለትራክ ማዘጋጀት፦ ከማርሚታው በፊት ፍሬኑን

ጅማ ውስጥ መኪናውን «ስፖርት» ሊያደርግ የተነሳ ልጅ መጀመሪያ የሚሄደው ብየዳ ቤት ነው። ማርሚታውን ያስቆርጣል፣ ሰፊ ቱቦ ያስበይዳል፣ ከዚያ ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ ድምፁን እያሰማ ሲመላለስ ያመሻል። አልፈርድበትም፤ እኔና ታናሽ ወንድሜም የጀመርነው ከዚያው ነው። ቀጥሎ ሰፊ ቸርኬ መጣ። ቀጥሎ የካርቡራተር ስራ። ገንዘቡ እዚያ ላይ አለቀ። ፍሬኑን ግን መኪናዋን ከገዛናት ጀምሮ ማንም አልነካውም ነበር።

ይህን የምጽፈው የመንገድ መኪናችሁን ይዛችሁ በተዘጋ አስፋልት ላይ በፍጥነት ለመንዳት ላሰባችሁ ነው። ትራክ ዴይ የሚባለውን ማለቴ ነው። ውድድር አይደለም፣ ዋንጫም የለውም። መንገዱ ለሌላ ተሽከርካሪ ይዘጋል፤ በተራ በተራ እየገባችሁ መኪናችሁም እናንተም ምን ያህል እንደምትችሉ ታያላችሁ። እኛ የምንሄድበት አዲስ አበባ አቅራቢያ ነው፤ ሰፊ አስፋልት ላይ ኮን ተደርድሮ መስመር ይወጣለታል። ከጅማ ለሚሄድ ሰው ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይነዳል፣ እዚያ ደርሶ መኪናዋን ቁም ስቅሏን ያሳያታል፣ ከዚያ በዚያችው መኪና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጭኖ የሚያመጣለት ሎቤድ የለም። ስለዚህ የምትሰሩት መኪና ሰኞ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚች ነገር የሚነሳ ነው።

የኛዋ ዲኤክስ የምትባለዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ስለምታውቋት ብዙ አላወራም። 4ኬ ሞተር፣ 1,290 ሲሲ፣ በካርቡራተር የምትሰራ፣ በኋላ ጎማ የምትገፋ፣ ከፊት ዲስክ ከኋላ ታምቡር ፍሬን ያላት። ቀላል ናት፣ ጎንበስ ብሎ ለሚሰራት ሰው ሁሉም ነገር ይደረስበታል፣ መለዋወጫዋም አያስቸግርም፤ ጅማ ከጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አይጠፋም።

የፍሬኑ ነገር የተገለጠልን ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ነው። ሶኮሩን አልፈን ቁልቁለቱን ጀመርን። ከፊታችን ጭነት የሞላ አይሱዙ በዝግታ ይወርዳል። መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ደርቤ ማለፍ አልቻልኩም፤ በአራተኛ ማርሽ ሆኜ ፍሬን ነካ ነካ እያደረግኩ ተከተልኩት። መጀመሪያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ። ወንድሜ «የአይሱዙው ነው» አለ። ቀጥሎ ፔዳሉ ዝቅ ብሎ መያዝ ጀመረ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከዚያም ዝቅ፣ ከዚያ አንዱ ኩርባ ላይ ስረግጠው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ምንም የለም። እግሬ ስር ባዶ ነው። ደጋግሜ ስመታው ትንሽ ያዘ። ሶስተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ከዚያ ሞተሩ እየጮኸ ሁለተኛ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ፤ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ ወደ ተራራው ጎን አስጠግቼ አቆምኳት። ወንድሜ ዘሎ ወርዶ ጎማው ስር ድንጋይ አደረገ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

አታላዩ ነገር ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። ጥላ ስር ቁጭ ብለን ቆየን፤ መኪናዋ ስትቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመለሰ! ልክ ምንም እንዳልሆነ ከላይ ይዟል። ወንድሜ «ይኸው ተስተካከለ፣ እንቀጥል» አለ። አልተስተካከለም። የፍሬን ዘይቱ ውስጥ የገባ ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ሆኖ ነበር፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውሃ ሆነ። እንፋሎት ይታመቃል፣ ዘይት አይታመቅም፤ ለዚህ ነው ፔዳሉ የሚሰምጠው። በድጋሚ ሲሞቅ በድጋሚ ይሰምጣል፣ ያውም ካለፈው ፈጥኖ። እንዲህ ከገጠማችሁ ቁልቁለቱን አትቀጥሉ። እኛ አዙረን ዳገት ዳገቱን ወደ ጅማ ተመለስን፤ ዳገት ላይ ፍሬን ብዙም አያስፈልግም።

ሂርማታ አካባቢ ጋራዥ ያላቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ድሮ የጭነት መኪና ነድተዋል፣ የጊቤን ኩርባዎች በቃላቸው ይዘውታል። የፊቱን ጎማ አውልቀው የማስተንፈሻዋን ቡሎን ላላ ሲያደርጉ በግልጿ ቱቦ የመጣውን ፈሳሽ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩትና «ይሄ የፍሬን ዘይት ነው ወይስ ቡና?» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ ሲባል አልሰማህም?» ሰምቻለሁ ጋሼ፣ አልኳቸው። «መስማትማ ሁሉም ይሰማል» ብለው ወደ ስራቸው ዞሩ።

እንግዲህ ስለ ፍሬን ዘይት ትንሽ ልበል፤ ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የተረሳው እሱ ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ጅማ ደግሞ ዝናብ የሚወድ አገር ነው፤ ክዳኗ በደንብ ያልገጠመች ማስተር (ዘይቱን ይዛ ወደ ጎማዎቹ የምትገፋዋ) ላይ ይብሳል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ እርጥበት ሲጠጣ 155። ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180። ሶስቱ እርስ በርስ አይጣሉም። ዶት 5 ብቻውን የሚባለው ግን ሲሊኮን ነው፤ ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም፣ ስሙ ስለተቀራረበ እንዳትሳሳቱ። ለኛ አይነት መኪና ዶት 4 ይበቃል፤ ዋናው ነገር አዲስ መሆኑ ነው። የታሸገ ግዙ። ባለሱቁ ከተከፈተ ጠርሙስ ልቀንስልህ ካለ «አይ ይቅርብኝ» በሉት፤ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት እርጥበቱን እዚያው ጠጥቶ ጨርሷል።

ስትቀይሩ ለሁለት ሆናችሁ ስሩ። አንዱ ፔዳል ላይ፣ አንዱ ጎማው ጋ። ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል፦ መሪዋ ግራ የሆነች መኪና ላይ የኋላ ቀኝ፣ ቀጥሎ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ መጨረሻ የፊት ግራ። «ርገጥ፣ ያዝ» ይባላል፤ ቡሎኗ ትላላለች፣ ፈሳሹ ይወጣል፣ ቡሎኗ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ብቻ «ልቀቅ»። ቡሎኗ ሳትጠብቅ ከተለቀቀ አየር ወደ ውስጥ ይገባና ሁሉንም ከመጀመሪያ ትጀምራላችሁ። ወንድሜ በስልክ እያወራ ሲረግጥልኝ ምን እንደተፈጠረ መገመት አያቅታችሁም። ማስተሩ ላይ ያለው ዘይት እንዳይጎድል በየመሃሉ ጨምሩ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቶሎ በውሃ እጠቡት፣ ቀለም ይልጣል። በዚያው ወደ ጎማ የሚሄዱትን የላስቲክ ቱቦዎች ጠምዘዝ አድርጋችሁ እዩ፤ የተሰነጣጠቀ ካለ ቀይሩ።

ፍሬን ሲደክም ሁሉም ድካም አንድ አይነት አይደለም፣ ይህን መለየት ያድናል። ፔዳሉ ለስልሶ ከሰመጠ ዘይቱ ፈልቷል ወይም አየር አለ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ግን መኪናዋ አልቆም ካለች ሸራው ከአቅሙ በላይ ሞቋል። ፔዳሉ ቀስ በቀስ እየረዘመ ከሄደ ደግሞ የኋላው ታምቡር በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው እየራቀ ሊሆን ይችላል። በሶስቱም መልሱ ፍጥነት ቀንሶ ማቀዝቀዝ ነው፤ ቤት ስትመለሱ የምትቀይሩት ዕቃ ግን ይለያያል።

ሸራ ስትገዙ «የውድድር» የሚባለውን አትመኙ። እሱ ካልሞቀ አይዝም፤ ጠዋት አንድ እረኛ ከነከብቱ አስፋልት ላይ ሲገባባችሁ ያንጊዜ ትጸጸታላችሁ። ጥሩ የመንገድ ሸራ ለዚህ ሞተር ይበቃል። አዲስ ሸራ ስታስገቡ ሰው የሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 20 ስምንት አስር ጊዜ ያህል ሳትቆሙ ፍሬን ያዙ፣ ከዚያ ሳትረግጡ ነድታችሁ አቀዝቅዙት። ሸራና ዲስክ እንዲህ ነው የሚላመዱት። አንድ ነገር ደግሞ አስቡ፦ ከ120 ለማቆም የሚወጣው ሙቀት ከ60 ለማቆም ከሚወጣው ሁለት እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። ጉልበት በጨመራችሁ ቁጥር ይህ ሁሉ የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው።

ከፍሬን ቀጥሎ ማቀዝቀዣ። እዚህ ላይ ትንሽ እናደዳለሁ። የኛ ዲኤክስ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው) አልነበራትም። ከኛ በፊት የነካት መካኒክ «ሙቀት ታበዛለች» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል፣ ይህ ልማድ ደግሞ በየጋራዡ አለ። ቴርሞስታት ሲወጣ ሞተሩ ቀላል መንገድ ላይ ከሚገባው በታች ይቀዘቅዛል፣ ቤንዚን ያባክናል፣ ቶሎ ያልቃል። የሙቀቱን መነሻ ግን አይነካውም። መነሻው ብዙ ጊዜ የተዘጋ ራዲያተር ወይም የሞተ ክዳን ነው። ባህር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ስለሆነች በ94 አካባቢ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ92 አካባቢ ይፈላል። ይህንን ከፍ የሚያደርገው የራዲያተር ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 የተጻፈበት ክዳን በትክክል ከያዘ ጅማ ላይ ውሃው 110 አልፎም አይፈላም። ላስቲኩ ካለቀ ግን ራዲያተራችሁ ክፍት ድስት ነው። ስለዚህ ራዲያተሩን አሳጥቡ፣ አዲስ ክዳን ግዙ፣ ቴርሞስታቱን መልሱ፣ የቧንቧ ውሃ ትታችሁ ኩላንት ሙሉ። የሙቀት መለኪያው የሚዋሽ ከሆነም የሚሰራ አስገቡ። የተቃጠለ ጓርኒሲዮንና የተጣመመ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚያስወጣው ወጪ ከዚህ ሁሉ ድምር ይበልጣል።

የሞተር ዘይት ትራክ ከመግባታችሁ በፊት ከላይኛው ምልክት ጋር እኩል ይሁን። ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ከጎደለ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ኩሽኔታው የሚያልቀው ያን ጊዜ ነው። ኩርባ ላይ የዘይት መብራት ብልጭ ካለች «ጠፋች እኮ» ብላችሁ አትቀጥሉ፣ ውጡ። ቤንዚንም ከግማሽ በታች አታድርጉ፤ ታንኩ ውስጥ ሲንገላታ መስመሩ አየር ይስብና ሞተሩ ይታነቃል።

ስለ ጎማ። ሰው ሰፊ ቸርኬ ከነጎማው ከመግዛቱ በፊት ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብብ። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ በየጎሚስታው ሞልቷል፤ ዋጋው ደስ ይላል፣ አስፋልት ላይ ግን ይንሸራተታል። እኛ ሰፊዎቹን ቸርኬዎች ሸጠን ወደ 13 ኢንች ተመለስንና በልዩነቱ አራት አዲስ ጎማ ገዛን። መኪናዋ ቀለለች፣ መሪዋም ቀለለ፣ ጎማው ፓራፋንጎ መላጡንም አቆመ። አየሩን ጠዋት በብርዱ ለኩ፣ ከትራክ ስትወጡ ወዲያው ደግማችሁ ለኩ። ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ በጣም ከጨመረ ትንሽ አስተንፍሱ። ማታ ወደ ቤት ከመንገዳችሁ በፊት ግን መልሳችሁ ሙሉት፣ ይህ የሚረሳ ነገር ነው።

ሞላ ማስቆረጥ ይቅርባችሁ። የተቆረጠ ሞላ መኪናዋን ያሳጥራታል፣ ያምራል፤ ግን ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ሞላው ከመቀመጫው ሊላቀቅ ይችላል። የጅማን መንገድ በክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በምትኩ አራቱንም ሾክ አዲስ አድርጉ፣ ያለቁ ላስቲኮችንና ቴስቲናዎችን ቀይሩ፣ ከዚያ አላይመንት አሰሩ። ልዩነቱን የምታምኑት ስትነዷት ነው።

ጉልበት? ካርቡራተር የሚጠቀም ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል። ባህር ጠለል ላይ 60 ፈረስ የሚሰጥ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከ47 ገደማ አይበልጥም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ስለዚህ ለጅማ የተስተካከለ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ ጥቁር ጭስ ሊያወጣ ይችላል። ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ የቫልቭ ክፍተት፣ የማቀጣጠያ ጊዜ። ይህን በትክክል ማሰራት ከበያጁ ቱቦ የበለጠ ሰጥቶናል። ስለ ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት አይቆይም።

ትራክ በገባችሁበት ቀን መኪናዋን ባዶ አድርጉ። ክሪኩ፣ ተቀያሪ ጎማው፣ ጃንጥላው፣ የወለል ምንጣፉ፣ ወንበር ስር የተረሳችው የውሃ ላስቲክ ሁሉ ይውጣ። የኛዋ ኩርባ ላይ ተንከባልላ ፔዳሉ ስር የመጣችው ግማሽ ሊትር ውሃ ነበረች። ባትሪው በደንብ ይታሰር። የጎማ ዳዶዎችን በቁልፍ አጥብቁ፣ ከመጀመሪያው ተራችሁ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። ወንበራችሁን ጠጋ አድርጉ፤ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ጉልበታችሁ መታጠፍ አለበት። ባለአራት ማሰሪያ ቀበቶ ለማስገባት እኛም ጓጉተን ነበር። ጣሪያውን የሚደግፍ ብረት ከሌለ ተውት፤ መኪናዋ ብትገለበጥ ቀጥ አድርጎ ይይዛችኋል፣ ጎንበስ ማለት አትችሉም። የፋብሪካው ቀበቶ ይሻላል። ሄልሜት ግን ግድ ነው።

በመጀመሪያው ዙር ማንንም ለመቅደም አትሞክሩ፣ ጎማውም ፍሬኑም አልሞቀም። ከዚያ ጥቂት ዙር በርትታችሁ ንዱ፣ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ዙር ፍሬን ሳትነኩ በዝግታ ዙሩ። ስታቆሙ የእጅ ፍሬን አትሳቡ። የሞቀ ታምቡር ሲቀዘቅዝ ይጠባል፣ ሸራው ላይ ነክሶ ይቀራል። አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ። እኛ ስንገባ አንድ ልጅ ከኛ በጣም የበረታ ሞተር ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሁለተኛ ተራው ላይ ፍሬኑ ጨሰ፣ ቀኑን ሙሉ ኮፋኖ ከፍቶ ቆመ። ዲኤክሷ ቀጥታው ላይ ሁሉም ይቀድማታል፣ ኩርባው ላይ ግን ደጋግማ ትደርስባቸዋለች፤ ወንድሜ እስካሁን የሚያወራው ይህንኑ ነው።

ወረቀትም አለ። ሞተር ከቀየራችሁ የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠም አለበት፤ አለዚያ ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ መከራችሁን ታያላችሁ። ኢንሹራንሳችሁንም አንብቡ፤ ብዙ ውሎች ለውድድርና ለፍጥነት ሙከራ ሽፋን አይሰጡም። ትራክ ላይ የታጠፈ ላሜራ ከኪሳችሁ ነው ማለት ነው።

አሁን ወንድሜ ትልቅ ካርቡራተር እንግዛ እያለ ነው። መጀመሪያ የዘይት ግፊት መለኪያ እናስገባ ብዬዋለሁ፤ ለጊዜው ተኳርፈናል።